ክሊኒክ ያላችሁ ስሙኝ፦ ስለ ደብረ ብርሃኗ ሲስተር አገልግሎት

በቀጥታ ልግባ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ የግል ክሊኒክ ካላችሁ፣ ቀኑን ሙሉ ታካሚ ሲገባ ሲወጣ ውሎ የኪራይና የደሞዝ ቀን ሲደርስ ግን መሳቢያው ባዶ የሚሆንባችሁ ከሆነ፣ ደብረ ብርሃን ያሉትን፣ የትንንሽ ክሊኒኮችን ክምችት፣ ሒሳብና መዝገብ መልክ የሚያስይዙትን ሲስተር አነጋግሩ። ዋጋቸው ርካሽ አይደለም። ቀጠሯቸውም ቶሎ አይገኝም። ግን ለክሊኒኬ ብዬ ገንዘብ ካወጣሁባቸው ነገሮች ሁሉ፣ ከማይክሮስኮፑ በቀር፣ የእሳቸውን ያህል የጠቀመኝ የለም። ይህን የምለው ወዳጅነት ይዞኝ አይደለም፤ ሥራቸውን ከቅርብ ስላየሁት ነው።

ስማቸውን አልጽፍም። ስማቸው እንዲነሳ አይወዱም። ደግሞም በእኛ አካባቢ የግል ክሊኒክ የሚያስተዳድር ሰው "ሲስተር" ብቻ ሲባል ማን እንደሆኑ ያውቃል፤ የማያውቅ ካለ ደብረ ብርሃን የሚሠራ የጤና ባለሙያ ቢጠይቅ ያደርሰዋል።

እኔ ጤና መኮንን ነኝ። ክሊኒኬ ደብረ ሲና ነው ያለው፣ መካከለኛ ክሊኒክ። ከጎኑ ባለቤቴ በራሷ ፈቃድ የምትሠራበት መድኃኒት ቤት አለ። ደብረ ሲናን የሚያውቅ ያውቃታል፣ ከላይ ጣርማ በር ጉም ለብሶ ይውላል፣ ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ ደግሞ ሙቀቱ ያቃጥላል። ስለዚህ በአንድ ጠዋት ጋቢ ደርበው የሚያስሉ የደጋ እናት፣ ቆላ ሥራ ከርሞ ትኩሳት ይዞት የተመለሰ ጎረምሳ፣ ከደሴ መስመር ሲመጣ መኪና ውስጥ ሲያስመልሰው ያደረ ሕፃን አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ታገኛላችሁ። ሥራው ሰፊ፣ ሠራተኛው ጥቂት። ነርሶች አሉ፣ የላብራቶሪ ልጅ አለ፣ ካርድ እያወጣች ገንዘብ የምትቀበል ልጅ አለች፣ እኔ አለሁ። የሒሳብ ሠራተኛ የለም። የግዢ ክፍል የለም። ከወረዳ ጋር የሚጻጻፍ ሰው የለም። ይህ ሁሉ የሚሠራው ማታ ነው፣ የመጨረሻው ታካሚ ከወጣ በኋላ፣ ዓይን እየተጨፈነ።

ሲስተር የሚሞሉት ይህንን ክፍተት ነው። ክሊኒካችሁን አይገዙም፣ ድርሻ አይጠይቁም፣ ስሙን ለውጡ አይሉም። ክሊኒኩ የእናንተ እንደሆነ ይቀጥላል። እሳቸው ከረዳቶቻቸው ጋር መጥተው ክምችቱን፣ ሒሳቡን፣ የታካሚ መዝገቡንና የፈቃድ ፋይሉን መልክ ያስይዛሉ፤ ከዚያ በየወሩ እየተመለሱ የተባለው መሠራቱን ያያሉ።

የኋላ ታሪካቸውን ካላወቃችሁ ለምን እንዲህ እንደሚሠሩ አይገባችሁም። በ1980ዎቹ መንዝ ውስጥ የጤና ጣቢያ ነርስ ሆነው ነው የጀመሩት። ማዋለዱ፣ ክትባቱ፣ ቁስል ማጠቡ፣ መድኃኒት ማደሉ ሁሉም እሳቸው ላይ ነበር። በ1995 ዓ.ም የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀምሮ ወጣት ሴቶች ወደየቀበሌው ሲሠማሩ ሲስተር የጤና ጣቢያ ኃላፊ ነበሩና እነዚያን ልጆች ጤና ኬላ ድረስ በእግር እየሄዱ ይደግፉ ነበር። ከዚያ ሆስፒታል ገቡ፣ ሜትሮን፣ ማለትም የነርሶች ኃላፊ ሆኑ፣ የሆስፒታል ማሻሻያ መመሪያው በ2002 ሲወጣ አስተዳደሩ ውስጥ ነበሩ፣ በመጨረሻም ሥራ አስኪያጅ ሆነው ጡረታ ወጡ። ልጆቻቸው አዲስ አበባ ይምጡና ይረፉ ቢሏቸው እምቢ አሉ።

ምክንያታቸውን አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን ነገሩኝ። ሆስፒታል በነበሩ ጊዜ ኮሪደሩን የሚያጨናንቁት ሁለት ዓይነት ሰዎች ነበሩ አሉኝ። አንዱ ሠፈሩ ያለ ክሊኒክ ጨርሶ ሊያክመው ሲችል በከንቱ ብዙ መንገድ የመጣ ነው። ሌላው ደግሞ ክሊኒክ ውስጥ ከሚገባው በላይ ተይዞ ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ የደረሰ ነው። "ሁለቱም የሚመጡት ከታች ነው" አሉ፤ "እኔ ላይ ሆኜ ስጠርግ ኖርኩ፣ አሁን ታች ወርጄ ልሥራ ብዬ ነው።"

ይህ ነገር ብዙ አሳሰበኝ። የሀገራችን የጤና መዋቅር ሲነገር ጤና ኬላ ከ3 ሺህ እስከ 5 ሺህ ሰው፣ የገጠር ጤና ጣቢያ እስከ 25 ሺህ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሰው ያገለግላል ይባላል። የእኛ ዓይነት ክሊኒክ እዚያ ስሌት ውስጥ ብዙም አይነሳም። ሰው ግን ሌሊት ልጁ ሲንቀጠቀጥበት የሚያንኳኳው የእኛን በር ነው። እንዲህ ያለውን ክሊኒክ "ንግድ ነው" ብሎ መተው ቀላል ነው፤ ሲስተር ግን የጤና ተቋም ነው ብለው ነው የሚይዙት፣ የሚቆጡንም ለዚያ ነው።

ወደ አገልግሎቱ ልመለስ። መጀመሪያ የሚነኩት መደርደሪያውን ነው። የመንግሥት ሆስፒታል የሠራችሁ ኤፒቲኤስ የሚባለውን የመድኃኒት አሠራር ታውቁታላችሁ፣ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተጀምሮ ወደ ሌሎች የተዳረሰው፣ እያንዳንዱ መድኃኒት ከየት ገባ፣ ለማን ወጣ፣ በስንት ተሸጠ የሚለው ሁሉ በወረቀት የሚታይበት። ሲስተር ያንን ለትንሽ ተቋም እንዲሆን አሳጥረው ነው የሚያመጡት። ለእያንዳንዱ መድኃኒት ቢን ካርድ ይሠራለታል፤ የገባው፣ የወጣው፣ የቀረው፣ የሚያልፍበት ቀን። ከዚያ የዓመቱን የግዢ ደረሰኝ በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ያስዘረጋሉ። መድኃኒቶቹን በሁለት መንገድ ይለያሉ፣ አንዴ በሚበሉት ገንዘብ፣ አንዴ በአስፈላጊነታቸው። ብዙ ቦታ የሚታየው ከዕቃው ዓይነት ከአሥር አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ የገንዘቡን ሰባና ሰማንያ በመቶ መያዙ ነው። እነዚያን ለብቻ አውጥተው አንድ በአንድ እያነሱ ይጠይቃሉ፦ ይሄ ከጠፋ ሰው ይሞታል? ይሄስ ቢጠፋ ማን ያስተውለዋል?

እኛ ጋ ጠረጴዛው ላይ የተገኘው ይህ ነበር። ኦሜፕራዞል፣ የጨጓራው መድኃኒት፣ የሦስት ፋብሪካ ሥራ፣ ሁለቱ የሚያልፉበት ቀን የደረሰ። የቪታሚን ሽሮፕ በካርቶን። አምሎዲፒን፣ ያ የግፊት ታካሚ በየቀኑ የሚውጠው፣ ጥቂት ፓኬት። ሜትፎርሚን፣ የስኳር ታካሚው፣ ጭራሽ አልቋል። ባለቤቴ ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። አንድ የጅምላ አከፋፋይ አለ፣ ስሙን አልጠራም፣ ተፈላጊውን መድኃኒት የሚሰጣችሁ ያልተሸጠለትን አብራችሁ ከወሰዳችሁ ነው። በዱቤ ስለሚሰጥ ደግሞ እጃችሁን ይይዛችኋል። "ይሄን ካልወሰዳችሁ ያንን የለኝም" ይላል፣ መጋዘኑ ውስጥ እንዳለ እያወቃችሁ። ክፍለ ሀገር የምትሠሩ ሁሉ ይህን ታውቁታላችሁ።

ሲስተር ደረሰኞቹን አገላብጠው ዝም አሉ። ከዚያ ስልካቸውን አወጡና ሸዋ ሮቢት ደወሉ፣ አጣዬ ደወሉ፣ መሐል ሜዳ ደወሉ። የሚያግዟቸው ክሊኒኮችና መድኃኒት ቤቶች ሁሉ በወር ምን ያህል አምሎዲፒን፣ ምን ያህል ሜትፎርሚን፣ ምን ያህል ጓንት እንደሚፈልጉ ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ። ድምሩን ይዘው ከሌላ አከፋፋይ ጋር ተነጋገሩ። እያንዳንዳችን በራሳችን ስም፣ በራሳችን ደረሰኝ እንገዛለን፤ ድርድሩ ግን የጋራ ነው። ከዚያ ወዲህ ያንን የካርቶን ቪታሚን የሚያስታቅፈን ሰው የለም። ለእኔ በዚህ ብቻ እንኳ አገልግሎቱ ገንዘቡን መልሶልኛል ብል ማጋነን አይደለም።

ግን ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሳሳኝ የመደርደሪያው ነገር አይደለም፤ የትኩሳቱ ነገር ነው።

የሕክምና ባለሙያ ያልሆናችሁም ይህን ታውቁታላችሁ። ሰው ራሱን አሞት፣ መገጣጠሚያውን ቆርጥሞት፣ አተኩሶት ይመጣና ገና ሳይቀመጥ "ታይፎይድና ታይፈስ ፈትሹኝ" ይላል። ምርመራው ዊዳልና ዌል ፊሊክስ ነው፣ ጠብታ ደም፣ ጠብታ መመርመሪያ ፈሳሽ፣ ትንሽ መነቅነቅ፣ ውጤት። ችግሩ ይህ ምርመራ አንዴ ተወስዶ ብቻውን ብዙ የሚናገረው ነገር የለም። በሽታው በሚበዛበት አገር ጤነኛ ሰውም "አለብህ" ሊባል ይችላል፤ ቀድሞ ታሞ የዳነም እንዲሁ። በአግባቡ ከተባለ ከ10 እስከ 14 ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ደም ተወስዶ መጠኑ በአራት እጥፍ መጨመሩ መታየት አለበት፤ ለታይፎይድ ይበልጥ የሚታመነው መንገድ ደግሞ የደም ካልቸር፣ ማለትም ጀርሙን ከደሙ አሳድጎ ማየት ነው። ማን ነው ትኩሳት ይዞት ሁለት ሳምንት የሚጠብቀው? ስለዚህ ውጤቱ ይወጣል፣ "ሁለቱም አለብህ" ይባላል፣ ሴፍትሪያክሶን የሚባለው አንቲባዮቲክ ይታዘዛል፣ ታካሚው ለቀናት እየተመላለሰ መርፌ ይወጋል። ታካሚው ደስ ይለዋል። ክሊኒኩም ገንዘብ ያገኛል። መርፌ ያልወጋ ሐኪም ደግሞ እኛ ጋ እንዳላከመ ነው የሚቆጠረው።

ሴፍትሪያክሶን ቀልድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2017 አንቲባዮቲኮችን ሲመድብ በጥንቃቄ ሊታዘዙ ይገባል ካላቸው ውስጥ ነው ያስቀመጠው። ጀርሙ ከለመደው በኋላ ነገ የማጅራት ገትር የያዘው ልጅ ሲመጣ ምን ልንሰጠው ነው? ይህን በመጽሐፍ የማያውቅ የጤና ባለሙያ የለም። ሁላችንም እናውቀዋለን። ግን የወሩን ኪራይ የሚከፍለው ይህ ምርመራና ይህ መርፌ ከሆነ ዕውቀት ብቻውን ምን ያደርጋል? ሌሎች አሠልጣኞች መጥተው "አግባብ ያለው የመድኃኒት አጠቃቀም" ብለው ስላይድ አሳይተውን፣ አበል ፈርመን ሄደናል። የኪራዩን ነገር ያነሳ አንድም አልነበረም።

ሲስተር ያነሱት እሱን ነው። የላብራቶሪ መዝገቡንና የገንዘብ መዝገቡን ጎን ለጎን አስቀመጡና ከጠቅላላው ገቢ ምን ያህሉ ከዚህ ምርመራና ከዚህ መርፌ እንደሚመጣ አሰሉ። ከዚያ "ይሄን ብትተው ስንት ይጎድልሃል? እሺ፣ የጎደለውን ከየት እናመጣለን?" አሉኝ። መልሱን ይዘው ነው የመጡት። የግፊትና የስኳር ታካሚዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን ክትትል ይፈልጋሉ፣ በየወሩ ይመጣሉ፣ መጥተው መድኃኒታቸውን ካገኙ ሌላ ቦታ አይሄዱም። ሲያጡ ግን አንዴ ይመለሳሉ፣ ሁለቴ ይመለሳሉ፣ በሦስተኛው ወይ ደብረ ብርሃን ይሄዳሉ ወይ መድኃኒቱን ያቆማሉ፣ ያቆሙት ደግሞ አንድ ቀን ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው በሰው ትከሻ ይመጣሉ። እንግዲህ አምሎዲፒኑ እንዳይጠፋ የተደረገው ለዚህ ነበር። ቢን ካርዱም፣ የጋራ ድርድሩም፣ የመብራት መጥፋት ሲበዛ ኢንሱሊኑ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቆየቱን የሚያሳየው የፍሪጅ መዝገብም ወደዚህ ነው የሚያደርሰው። ሒሳቡ ካልተስተካከለ ትንሽ ክሊኒክ ለታካሚው እውነቱን እየነገረ መኖር አይችልም። ሲስተር ይህን ገብቷቸዋል፣ ከማንም በላይ።

አሁን እኛ ጋ አተኮሰኝ ብሎ የመጣ ሰው መጀመሪያ ከየት እንደመጣ ይጠየቃል። ቆላ ከርሞ ከሆነ የወባ ምርመራ፣ ያውም በማይክሮስኮፕ፣ ምክንያቱም ያው ስላይድ ላይ በቅማል የሚተላለፈውን የሚያገረሽ ትኩሳትም ማየት ይቻላል። ሳንባው ይደመጣል፣ ሽንቱ ይታያል። ብዙ ጊዜ ፓራሲታሞልና ፈሳሽ፣ ካልተሻለው ደግሞ በሁለተኛው ቀን ተመልሶ የሚታይበት ካርድ ይሰጠዋል፤ የመመለሻው ምርመራ ነፃ ነው። ይህ ነፃ የሚለው የሲስተር ሐሳብ ነው። "መርፌ ፈልጎ ሌላ ቤት የሚሄደው ነገ ቢብስብኝ ምን ይውጠኛል ብሎ ነው፣ ነገ እንደምታየው ካወቀ ቤቱ ገብቶ ይተኛል" አሉ። ልክ ናቸው። የሄዱብን ታካሚዎች አሉ፣ አልዋሽም። የቀሩት ግን ይበዛሉ።

አንድ ቀን ሲስተር እዚያው ተቀምጠው ሳለ አንዲት እናት ካልወጋችሁኝ ብለው ተቆጡ። "ልጄ፣ ከሩቅ ነው የመጣሁት፣ ዝም ብለህ ኪኒን ሰጥተህ ትመልሰኛለህ?" አሉኝ። ሲስተር ከወንበራቸው ተነሥተው ሄዱና አጠገባቸው ቁጭ አሉ፣ እጃቸውን ያዙ። "እትዬ፣ እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ መርፌ ስወጋ ኖሬያለሁ" አሏቸው። "የሚያስፈልግዎት ቢሆን እኔው ራሴ እወጋዎት ነበር። ይሄ ጉንፋን ነው። ትኩስ ነገር ይጠጡ፣ ነገ ካልተሻለዎት ይምጡ፣ አናስከፍልዎትም።" እናትየው ትንሽ ዝም ብለው "እንዲያ ከሆነማ" አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ። የላብራቶሪው ልጅ ቆሞ ሲያይ ነበር። ለእሱ ስንት ሥልጠና ይሆነዋል ይህ!

ንጽሕናውን በአጭሩ ልለፈው፣ ግን አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ብዙ ክሊኒክ በረኪናን በዓይን ለክቶ ነው የሚበጠብጠው። ሲስተር የጽዳት ሠራተኛችንን ጠርተው አንድ ኩባያ ባለ 5 በመቶ በረኪና፣ ዘጠኝ ኩባያ ውሃ፣ ያ ነው 0.5 በመቶ የሚሆነው ብለው በእጇ አስለኩ። ደም የፈሰሰበት ወለል ላይ አሥር ደቂቃ ይቆያል፣ የተበጠበጠው አያድርም፣ ጠዋት አዲስ ይሠራል። ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሴፍቲ ቦክስ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋል፣ ይጠቅጠቅ የሚባል ነገር የለም። ይህን ሁሉ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ነው የነገሯት፣ በስሟ እየጠሩ፣ ቀስ ብለው። አሁን ማንም ሰው ቢሳሳት የምትቆጣው እሷ ናት።

የፈቃድ እድሳቱም እንደዚሁ ቀለለ። የባለሙያዎች የሥራ ፈቃድ፣ የሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ) ሠርተፊኬት፣ የኪራይ ውል፣ የቆሻሻ አወጋገድ፣ ለወረዳ የሚላከው ወርኃዊ ሪፖርት፣ ሁሉም በአንድ ፋይል ነው። ተቆጣጣሪዎች ሲመጡ ከመሳቢያ መሳቢያ መሮጥ ቀርቷል። የመዝገቡን ቅጂ ከክሊኒኩ ውጭ ሌላ ቦታ እንድናስቀምጥም ያስገድዱናል። በ2014 ጦርነቱ እስከ እኛ ድረስ ሲመጣ በአካባቢው የጤና ተቋማት ንብረት ተዘርፎ፣ የታካሚው ካርድ ጭምር ጠፍቶ ማን ምን መድኃኒት ይወስድ እንደነበር ለማወቅ ሰዉ ምን ያህል እንደተቸገረ አይተውታልና።

አሜሪካ ያለ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ስነግረው እነሱ ጋም እንዲህ ያለ ሥራ እንዳለ ነገረኝ። እዚያ የራሳቸው ክሊኒክ ያላቸው የቤተሰብ ሐኪሞች ለትልልቅ ሆስፒታሎች እየሸጡ ስለሆነ እነሱን ደግፎ በራሳቸው እንዲቆሙ የሚያደርጉ ድርጅቶች አሉ። አሌዴድ የሚባለው በፈረንጆቹ 2014 የተመሠረተ ነው፤ ከመሥራቾቹ አንዱ ዶክተር ፋርዛድ ሞስታሻሪ ቀድሞ የፌዴራሉን መንግሥት የጤና መረጃ ቴክኖሎጂ ሥራ ይመሩ የነበሩ ሰው ናቸው። የእነሱ ሒሳብ ግን ከእኛ ይለያል። ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን የመንግሥት መድን ከፈረንጆቹ 2012 ጀምሮ ሐኪሞች ታካሚያቸውን በደንብ ተከታትለው ሆስፒታል ከመተኛት ካዳኑትና ወጪ ከተረፈ፣ ከተረፈው ላይ ያካፍላቸዋል። እኛ ጋ ያ የለም። በ2003 ዓ.ም በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ብዙ ቤተሰብ ታድጓል፣ ሊመሰገን ይገባዋል፣ ውሉ ግን በዋናነት ከመንግሥት ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ጋር ነው። እኔ የግፊት ታካሚዬን ከስትሮክ ባድነው የሚከፍለኝ የለም። ስለዚህ ጥሩ ሕክምና የሚያስገኘውን ገንዘብ ከራሳችን ጓዳ፣ ካለአግባብ ከሚባክነው ነው ማውጣት ያለብን። ሲስተር ያንን የሚያደርጉት ያለ ምንም ሜዲኬር ነው። ለዚህ ነው ሥራቸው ከዚያኛው ይልቅ ከባድ ነው የምለው።

አሁን ደግሞ ቅር ያለኝን ልናገር። ክፍያቸው በወር ከአንድ ነርስ ደሞዝ ይበልጣል፤ የመጀመሪያዎቹን ወራት በቅድሚያ ነው የሚቀበሉት። ለአዲስ ክሊኒክ ይህ ይከብዳል። ከፋፍለው ቢቀበሉ ብዙ ሰው ይደርሳቸው ነበር፣ ይህንን ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ፣ አልተስማሙም። ሌላው፣ ሁሉም ነገር እሳቸው ላይ ነው የቆመው። ረዳቶቻቸው ጎበዞች ናቸው፣ ወረቀቱን ይሠራሉ፣ ግን ከአከፋፋይ ጋር መነጋገርም ሆነ ከባለቤቱ ጋር ፊት ለፊት መነጋገር የሚችሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሲታመሙ ሁላችንም ቆመን ነው የምንጠብቀው። ክረምት ላይ መንገዱ ሲበላሽ ራቅ ያሉ የመንዝ ክሊኒኮች ሳይጎበኙ ይቆያሉ፣ ክፍያው ግን አይቀነስላቸውም፣ ይህ ልክ አይመስለኝም። ቅጾቹ ደግሞ ብዙዎቹ በእንግሊዝኛ ናቸው። ነርሶቹ ይሞሏቸዋል፣ ገንዘብ የምትቀበለው ልጅ ግን መጀመሪያ ላይ ተቸግራለች፤ በአማርኛ ቢሆኑ ምን ነበረበት?

አነጋገራቸውም ለሁሉም አይሆንም። ሠራተኛ ፊት ባለቤቱን ይገሥጻሉ። አንድ የማውቀው ሰው፣ ሐኪም ነው፣ በዚህ ተቀይሞ ውሉን አፍርሷል። እኔ አልተቀየምኩም፤ ግን ይህ ጠባያቸው መታወቅ አለበት።

ቶሎ ገንዘብ ለማግኘት የምትፈልጉ ከሆነም አትጥሯቸው። አልትራሳውንድ ልግዛ፣ አልጋ ልጨምር፣ ፎቅ ልሥራ ብላችሁ ከሆነ የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ መጀመሪያ ያለህን መልክ አስይዝ። ለብዙ ወራት ምንም አዲስ ዕቃ አያስገዟችሁም። በአንድ ወይም በሁለት ባለሙያ የምትሠራ ክሊኒክ ላላችሁ፣ ከወረዳ ከተማ ለምትሠሩ፣ ሥራችሁን የምትወዱ ግን በወረቀትና በዕዳ ለተያዛችሁ፣ ለእናንተ ነው እሳቸው የተፈጠሩት። ባልና ሚስት ሆናችሁ ክሊኒክና መድኃኒት ቤት ጎን ለጎን ለምትሠሩማ በተለይ። ሐኪሙ ያዘዘው መድኃኒት ለታካሚው ይሁን ለመደርደሪያው መለየት የሚከብድበት ቦታ ስለሆነ እነሱን ሁለት እጥፍ ነው የሚመረምሩት።

ልትደውሉላቸው ካሰባችሁ ከክረምት በፊት አድርጉት፣ በመስከረም ከጠየቃችሁ ወረፋው ይረዝማል። ከመምጣታቸው በፊት የዓመት የግዢ ደረሰኝ፣ የላብራቶሪ መዝገብ፣ የደሞዝ ወረቀትና የዱቤ ዝርዝር ሰብስቡ፤ የዱቤውን አትደብቁ፣ ያገኙታል። ሠራተኞቻችሁ ሁሉ እንዲገኙ አድርጉ፣ ጽዳት ሠራተኛዋንም ጭምር። ለመጡበት ቀን ብላችሁ ደግሞ ክሊኒኩን አታስውቡ፣ ታካሚም አትመልሱ። እንደ ወትሮው ክፍት አድርጋችሁ ሥሩ፤ ጥግ ላይ ወንበር ስጧቸውና እሳቸው ቁጭ ብለው ያያሉ።